በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ብናኝንና የክር ውዳቂን ስለሚሰበስቡ መኪናዎች

ጥጥ ወደ ፈትል ፋብሪካ ሲገባ ብቻውን አይገባም። በቦንዳው ውስጥ የቅጠል ስባሪ፣ የፍሬ ልጣጭ፣ የማሳ አፈርና አሸዋ፣ አጥረው የተበጣጠሱ የጥጥ ዘለላዎች፣ አልፎ አልፎም የሽቦ ቁራጭ አብረውት ይገባሉ። ጥጡ ተነድፎ፣ ተባዝቶና ተፈትሎ ክር እስኪሆን ድረስ እነዚህ ሁሉ ከእርሱ መለየት አለባቸው። ሲለዩም ከባዱ ወደ ታች ይወድቃል፤ ቀላሉ ወደ አየር ይነሣል። የወደቀው በመጥረጊያ ሊታፈስ ይችላል። አየር ላይ የወጣው ግን ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሄዶ ሄዶ ከሁለቱ ስፍራዎች አንዱን መያዙ አይቀርም፤ ወይ ተመልሶ በክሩ ላይ ያርፋል፤ ወይም በሠራተኛው ደረት ውስጥ ይገባል። ይህን ተንሳፋፊ ብናኝና ከመፍተያው ሥር የሚቀረውን የክር ውዳቂ እየመጠጡ የሚሰበስቡ ልዩ ልዩ መኪናዎች አሉ። ከዚህ በታች የሚገለጸው የእነርሱ አሠራርና ጥቅም ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ስለ እነዚህ መኪናዎች መናገር የሚያስፈልገው ፋብሪካ የሚያቋቁሙ ባለሀብቶችም ሆኑ መኪና ከውጭ አገር የሚያስመጡ ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስቡላቸው በመጨረሻ ስለ ሆነ ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ ለሕንፃው፣ ለመፍተያውና ለመሸመኛው መኪና ይመደባል፤ የአየሩ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ከተረፈው ይሸፈናል ተብሎ ይቆያል። የተረፈ ሲጠፋ በግድግዳው ላይ ጥቂት ማራገቢያዎች ተሰክተው ሥራው ይጀመራል። ማራገቢያ ግን አየሩን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ አያጣራውም፤ ብናኙን ከአንዱ ማእዘን አንሥቶ በሌላው ማእዘን ያስቀምጠዋል። የብናኙን ዋጋ ፋብሪካው መክፈሉ እንደ ሆነ አይቀርም። መሰብሰቢያውን የገዛ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ያልገዛ ግን በተበጠሰ ክር፣ በቆመ መኪና፣ ዋጋው በወደቀ ዕቃና በታመመ ሠራተኛ በየቀኑ ይከፍላል።

ጥጥ በደጋን ሲነደፍ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የነዳፊዋ ፀጉርና ቅንድብ ጥቂት ቆይቶ ነጭ ይለብሳል፤ በአጠገብዋ የተቀመጠውም ያስነጥሰዋል። እርስዋ ግን የምትነድፈው ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ጥጥ ነው፤ በሩም ክፍት ነው፤ ሥራውም በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ፋብሪካ የሚነድፈው ጥጥ በቀን በቶን የሚቈጠር ነው፤ መስኮቱ የርጥበቱ መጠን እንዳይዛባ ተዘግቷል፤ ሥራውም ሌሊትና ቀን በፈረቃ ይቀጥላል። በአንድ የመፍተያ መኪና ላይ ከ1,000 የሚበልጡ እንዝርቶች ተደርድረው እያንዳንዱ በደቂቃ 15,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሽከረከራል። ይህ ሁሉ ሽክርክሪት በራሱ ነፋስ ነው፤ ከክሩ ላይ የላላውን ዘለላ ሁሉ እየነቀለ ይበትነዋል።

ብናኙ እጅግ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ነው። አንደኛው ቦንዳው ተፈትቶ ጥጡ የሚነደፍበት ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው ባዘቶው ተበጥሮ አመልማሎ የሚሆንበት፣ በፋብሪካ ሰዎች አነጋገር ‹ካርድ› የሚባለው መኪና ያለበት ክፍል ነው። በመንደፊያው ክፍል ጥጡ ጥርስ ባላቸው ከበሮዎች እየተመታ በብረት ፍርግርግ ላይ ያልፋል፤ ጉድፉም በፍርግርጉ ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል። በቀድሞው ልማድ አንድ ሠራተኛ በየጊዜው መኪናውን አስቁሞ፣ ክዳኑን ከፍቶና ከሥሩ ገብቶ ጉድፉን በእጁ ያወጣ ነበር። ዛሬ በሚሠሩት መኪናዎች ከፍርግርጉ በታች የመምጠጫ ቧንቧ ተገጥሞ ጉድፉ በተወሰነ ደቂቃ ልዩነት በነፋስ እየተጠረገ ወደ ማጠራቀሚያው ይሄዳል፤ መኪናውም አይቆምም፤ ክዳኑም አይከፈትም።

ስለ ካርዱ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በ1950ዎቹ ዓመታት አንድ ካርድ በሰዓት የሚያወጣው አመልማሎ ከ5 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ዛሬ አዳዲሶቹ በሰዓት ከ100 ኪሎ በላይ ያወጣሉ። ምርቱ ሃያ እጥፍ ሲያድግ ከጥጡ የሚላቀቀው ብናኝም በዚያው መጠን ያድጋልና፣ የአዲሶቹ መኪናዎች ሰውነት በሙሉ ተሸፍኖ በውስጣቸው በብዙ ስፍራ መምጠጫ ተበጅቶላቸዋል። ስለዚህ አሮጌ ካርዶችን አውጥቶ በምትካቸው አዲስ የሚተክል ፋብሪካ የቀድሞውን ማራገቢያና ቧንቧ እንዳለ ልጠቀምበት ቢል፣ አዲሱ መኪና የሚፈልገውን የአየር መጠን ስለማያገኝ ከአሮጌው የባሰ ይበናል። እንዲህ ያለው ቁጠባ የሚገኘው በግዥው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ወደ መፍተያው ክፍል ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ዋናው ችግር ጉድፍ አይደለም፤ የክር መበጠስ ነው። የተጎተተው ቀጭን አመልማሎ በመሳቢያ ሲሊንደሮች መካከል እያለፈና ይበልጥ እየቀጠነ ወደ እንዝርቱ ይወርዳል፤ እዚያም ይከራል። ክሩ በተበጠሰ ጊዜ ሲሊንደሩ መበጠሱን አያውቅም፤ ጥጡን እንደ ቀድሞው መስጠቱን ይቀጥላል። ተቀባይ ያጣው ጥጥ እንግዲህ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ በሲሊንደሩ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ እስኪጠብቅ ድረስ ይወፍራል፤ ወይም በነፋሱ ተወርውሮ በጎረቤቱ ክር ላይ ይለጠፋል። በሲሊንደሩ ላይ የተጠቀለለውን ሠራተኛዋ በመንጠቆ ወይም በምላጭ ቆርጣ ማውጣት አለባት፤ በዚህም ጊዜ የሲሊንደሩ የላስቲክ ልብስ ይጫራል፤ የተጫረውም ስፍራ ከዚያ በኋላ ጥጡን እየያዘ ሌላ ብጣሽ ያመጣል። በጎረቤት ላይ የተለጠፈው ደግሞ ያንኛውን ክር ያወፍረዋል ወይም ይበጥሰዋል። እንዲህ ሲሆን የአንድ እንዝርት ብጣሽ የሦስት የአራት ይሆናል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሲያዩት ቀላል ነው። በመፍተያው መኪና ርዝመት ልክ ከፊተኛው ሲሊንደር በታች ቧንቧ ይዘረጋል፤ በቧንቧውም ላይ በየእንዝርቱ አንጻር አንዳንድ ትንሽ አፍ ይደረጋል፤ በመኪናው ጫፍ ያለ ማራገቢያም በእነዚህ አፎች ሁሉ አየር ይስባል። ክሩ ሲበጠስ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጥጥ ወዲያውኑ በአፉ ይመጠጣል፤ በመኪናው ጫፍ ባለው የወንፊት ሳጥንም ይጠራቀማል። ሠራተኛዋ እስክትደርስና ክሩን እስክትቀጥል ድረስ ምንም ነገር አይበላሽም። ይህን ዕቃ በብዙ አገር ያሉ የፋብሪካ ሰዎች ‹ፕኒማፊል› በሚባለው የንግድ ስም ይጠሩታል፤ በሳጥኑ ውስጥ የሚጠራቀመውንም ጥጥ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ይህ ጥጥ ተነድፎና ተበጥሮ የጸዳ፣ ገና ያልከረረ ስለ ሆነ ቆሻሻ ሊባል አይገባውም። ወደ መንደፊያው ተመልሶ ከአዲሱ ጥጥ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይደባለቃል። በጥቂቱ የተባለበት ምክንያት ሁለት ጊዜ በመኪና ያለፈ ዘለላ ስለሚደክም ነው፤ በብዛት ቢጨመር ክሩን ያሳሳዋል።

የዚህ ዕቃ ደካማ ጎን ወንፊቱ ነው። ወንፊቱ በጥጥ ሲሸፈን ማራገቢያው መጮኹን አይተውም፤ የሚስበው አየር ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ጉድለቱ መጀመሪያ የሚታየው ከማራገቢያው እጅግ በራቀው የመጨረሻ እንዝርት ላይ ነው። ብዙ የፈረቃ ኃላፊዎች መኪናው መሥራቱን የሚያረጋግጡት ከማራገቢያው አጠገብ ቆመው ነው፤ እዚያ ግን ምጠቱ ሁልጊዜ ጠንካራ ነው። እውነቱን ለማወቅ የሚፈልግ እስከ መጨረሻው ጫፍ ሄዶ ጥቂት ጥጥ በአፉ ፊት መያዝ ይኖርበታል። ጥጡ እያመነታ የሚገባ ከሆነ ወንፊቱ ሳይጸዳ ቆይቷል፤ ወይም ቧንቧው አንድ ስፍራ አየር ያስገባል።

ከመኪናው በላይ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ነው። በመፍተያ መኪናዎቹ አናት ላይ ሐዲድ ይዘረጋል፤ በሐዲዱም ላይ አንድ ማራገቢያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። ከእርሱ ሁለት ዐይነት የጨርቅ ቱቦዎች ወደ ታች ይንጠለጠላሉ፤ አጫጭሮቹ ንጹሕ አየር እየነፉ በመኪናው አካል ላይ ያረፈውን ብናኝ ያራግፋሉ፤ እስከ ወለል የሚደርሱት ረጃጅሞቹ ደግሞ የተራገፈውን ከሥር ይመጥጣሉ። በዱሮ ጊዜ የሚነፉ ብቻ፣ የማይመጡ ተመላላሾች ይሸጡ ነበር። ዋጋቸው አነስተኛ ስለ ሆነ ያገለገሉትን ዛሬም የሚገዛ አይጠፋም፤ ነገር ግን እነዚህ መጥረጊያውን በነፋስ ተኩ እንጂ ብናኙን አልሰበሰቡም።

በአንዳንድ ፋብሪካ ከዚህም የባሰ ልማድ አለ። የተጨመቀ አየር የሚወስደውን ጎማ ከኮምፕሬሰሩ አምጥቶ መኪናው እየሠራ ሳለ በላዩ መንፋት ነው። የነፊው ሠራተኛ ልብስና የመኪናው ፊት ለጊዜው ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት ግን የተነሣው ብናኝ ሁሉ በሺህ እንዝርቶች ላይ ይወርዳል። የወረደውም ከክሩ ጋር አብሮ ይከርና ወፍራም እብጠት ይሆናል። ክሩ ከትንሹ ቀሰም ወደ ትልቁ ጥቅል በሚተላለፍበት ጊዜ በመጠቅለያው መኪና ላይ ያለው ተቈጣጣሪ ይህን እብጠት አግኝቶ ይቈርጠዋል፤ ቈርጦም እንደ ገና ይቀጥለዋል። የተቈረጠው ክር ይጣላል፤ የተቀጠለውም ስፍራ በክሩ ላይ ይቀራል። ተቈጣጣሪ የሌለው ፋብሪካ እንደ ሆነ ደግሞ እብጠቱ እስከ ጨርቁ ይደርሳል፤ ጉድለቱንም ፊተኛ ሆኖ የሚያየው ገዢው ነው።

ከመጠቅለያው መኪና በኋላ በትንሹ ቀሰም ላይ ጥቂት ክር ይቀራል። ቀሰሙ ወደ መፍተያው ከመመለሱ በፊት ይህ ትርፍራፊ መነሣት አለበት። በብዙ ስፍራ የሚነሣው በቢላ ነው። ቢላ ግን ክሩን ብቻ አይቈርጥም፤ ቀሰሙንም ይጭረዋል። የተጫረው ቀሰም በሚቀጥለው ዙር ክሩን ይይዛል፤ ክሩም ሲፈታ ይበጠሳል። ቀሰሞቹን እየያዘ ክሩን በቢላ ሳይሆን በመሳብ የሚያራግፍ መኪና የተሠራው ስለዚህ ነው። የዚህ መኪና ዋጋ መመዘን ያለበት ከቢላው ዋጋ ጋር አይደለም፤ በየዓመቱ ከሚተኩት ቀሰሞችና ከሚባክነው ክር ጋር ነው።

እንግዲህ ከየክፍሉ የተመጠጠው ሁሉ ወዴት ይሄዳል? በመሬት ውስጥ በተቈፈረ ቦይ ወይም በጣሪያ በተዘረጋ ቧንቧ ወደ ማጣሪያው ክፍል ይሄዳል። በዚያ አየሩ አስቀድሞ የሚያገኘው በዝግታ የሚዞር ክብ ወንፊት ሲሆን፣ ረዘም ያለው ዘለላ እዚህ ይቀራል። ቀጥሎ በጨርቅ ወይም በሰፍነግ የተሸፈነ ትልቅ ተሽከርካሪ ከበሮ አለ፤ ደቃቁ ብናኝ በጨርቁ ላይ ይለጠፋል፤ በከበሮው ፊት እየተመላለሰ የሚጠርግ የመምጠጫ አፍም የተለጠፈውን እያነሣ ወደ ከረጢት ማጣሪያ ይልከዋል። ዘለላው በመጭመቂያ ተጠቅጥቆ ይወጣል፤ ብናኙ በጆንያ ይታሰራል። የተጣራው አየር ግን አይጣልም፤ በሚረጭ ውኃ መካከል አልፎ ይታጠባል፤ ርጥበቱና ሙቀቱ ተስተካክሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ርጥበቱ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥጥ ሲደርቅ ይሰባበራል፤ በመፋተግም ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ዘለላዎቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ብናኙም ይበዛል። ስለዚህ በመፍተያው ክፍል የአየሩ ርጥበት ከመቶው ከ55 እስከ 60፣ በመሸመኛው ክፍል ደግሞ ከ70 እስከ 80 እንዲሆን ይደረጋል። ዛሬ በየቢሮውና በየሆቴሉ የሚነገረው የ‹ኤር ኮንዲሽን› ስም ራሱ የመጣው ከጥጥ ፋብሪካ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1906 ቃሉን ያወጣው ስቱዋርት ክሬመር የተባለ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና መሐንዲስ ሲሆን፣ ያሰበውም ስለ ሰው ምቾት ሳይሆን ስለ ክር ርጥበት ነበር። በበጋ ወራት አየሩ በሚደርቅበት በደጋማው የኢትዮጵያ ምድር ለሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህ የውኃ ክፍል ከማጣሪያው ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

ይህ ሁሉ ማራገቢያ የኤሌክትሪክ ኃይል ይበላል። ከጠቅላላው ፍጆታቸው አምስተኛ የሚጠጋው ለአየር ሥራ የሚውልባቸው የፈትል ፋብሪካዎች ጥቂት አይደሉም። ሂሳቡ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ አንዱን ማራገቢያ እናቁመው ማለቱ የተለመደ ነው። እርሱም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ይሆናል፤ የመምጠጫው ማራገቢያ በቆመ በሰዓታት ውስጥ በብጣሽ የሚጠፋው ክር ከተቈጠበው ኤሌክትሪክ ይበልጣልና። ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። የማራገቢያ ባሕርይ እንዲህ ነው፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ የሚያንቀሳቅሰው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የሚበላው ኃይል ግን እጅግ አብልጦ ይወርዳል። ፍጥነቱ ከመቶው በ20 እጅ ቢቀንስ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ አየር የሚስብ ማራገቢያ ካለ የሞተሩን ፍጥነት የሚያስተካክል መሣሪያ ገጥሞ ልኩን መስጠት ይቻላል። አስቀድሞ ግን ማጣሪያው መጽዳት አለበት፤ በቆሸሸ ማጣሪያ ላይ የሚደረግ ቁጠባ ማታለል ነው። በማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የአየር ግፊት ልዩነት የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ቢሰቀልና ቍጥሩ በየፈረቃው በመዝገብ ቢጻፍ፣ ጨርቁ መቼ እንደሚታጠብና መቼ እንደሚለወጥ መገመት ይቀራል።

የሠራተኛው ጤና ጉዳይ አዲስ አይደለም። ራማዚኒ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም በ1700 ባሳተመው ስለ ሥራ በሽታዎች በሚናገር መጽሐፉ፣ ተልባና ቃጫ የሚያበጥሩ ሰዎች ከብናኙ የተነሣ እንደሚያስሉ ጽፏል። በጥጥ ፋብሪካ የሚመጣው በሽታ ‹ቢሲኖሲስ› ይባላል። ምልክቱ ለየት ያለ ነው። ሠራተኛው የሳምንቱን ዕረፍት አርፎ ሰኞ ወደ ሥራ ሲመለስ ደረቱን ይጨምቀዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማክሰኞ ይሻለዋል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች የእሑድ ድካም ነው፣ ወይም ብርድ ነው ብለው ይተዉታል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሰኞ የነበረው ሕመም ወደ ሌሎቹ ቀናት ይሻገራል፤ በመጨረሻም ሳምባው ወደ ቀድሞ ኃይሉ የማይመለስበት ደረጃ ይደርሳል። ትንባሆ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ይፋጠናል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አለመሆኑን የሚያሳይ ጥናት በ1991 በእንግሊዝ አገር በሚታተም የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት ወጥቷል። በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረው፣ በመንደፊያው ክፍል ከሚሠሩት ከመቶው 43.2፣ በካርዱ ክፍል ካሉት ደግሞ 37.5 ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በሌሎቹ ክፍሎች የተገኘው ከ4 እስከ 24 ነበር። ቍጥሩ እንዲህ የሚበዛው ብናኙ በሚበዛባቸው በእነዚያው በሁለቱ ክፍሎች መሆኑን ነጋዴም ሆነ ሐኪም ሳይነገረው ያስተውለዋል።

በአሜሪካ መንግሥት በ1978 ባወጣው ደንብ በክር መሥሪያ ክፍሎች በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚገኘው የጥጥ ብናኝ ከ0.2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ለሽመና ክፍል 0.75 ተፈቀደ። ባለ ፋብሪካዎቹ ወጪው ይጥለናል ብለው ተከራከሩ፤ ጉዳዩም እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1981 ደንቡ ጸና። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከሁለቱም ወገን ግምት የተለየ ነው። ፋብሪካዎቹ ብናኙን ለመቀነስ ሲሉ አሮጌ መኪናቸውን አውጥተው የተሸፈኑና ፈጣን የሆኑ አዳዲሶችን አስገቡ፤ ወጪው አስቀድሞ ከተነገረው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በሽታውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ቀነሰ።

እሳትን በተመለከተ መሰብሰቢያው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጥጡ ውስጥ ያለ የብረት ቁራጭ በመንደፊያው ጥርስ ሲመታ ብልጭታ ይሰጣል፤ የመምጠጫው ነፋስም ብልጭታውን ይዞ ደረቅ ብናኝ ወደ ሞላበት ማጣሪያ ያደርሰዋል። በመጋቢት 15 ቀን 1987 በአውሮፓ አቈጣጠር በቻይና አገር በሐርቢን ከተማ በሚገኝ የተልባ ክር ፋብሪካ የተጠራቀመ ብናኝ ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞተዋል፤ 177 ቈስለዋል። ፍንዳታው በብናኝ መሰብሰቢያው መሥመሮች እየተያያዘ ከክፍል ወደ ክፍል ተዛምቶ ነበር። ስለዚህ በቦንዳው መግቢያ ላይ ብረት የሚለይ ማግኔት፣ በቧንቧው ላይ ደግሞ ብልጭታ ሲያይ ጥጡን ወደ ጎን የሚያወጣና ማራገቢያውን የሚያቆም መሣሪያ መግጠም ግድ ነው። የማጣሪያው ክፍል ከጥጥ መጋዘኑ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መሆን የለበትም።

አሁን ደግሞ ስለ ውዳቂው ሽያጭ። ውዳቂ ሁሉ አንድ ዋጋ የለውም። ገና ያልከረረው ለስላሳው ወደ ሥራ ይመለሳል። ለጥሩ ክር በሚበጠርበት ጊዜ የሚወጣው አጭር ዘለላ ለወፍራም ክር ይፈለጋል፤ በአንዳንድ አገርም ለገንዘብ ኖት ወረቀት መሥሪያ ይውላል። የከረረው ብጣሽ ክር በጥርሳም መኪና ተቦጫጭቆ ለመኪና መወልወያ፣ ለፍራሽና ለትራስ ይሆናል። ከካርዱ ሥር የሚወጣው ጉድፍ ለእንጉዳይ ማብቀያ የሚገዛበት አገር አለ። የመጨረሻው ደቃቅ ብናኝ ብቻ ነው እውነተኛ ውዳቂ የሚባለው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ ቧንቧ ተመጥጠው በአንድ ጆንያ ከታሰሩ ዋጋቸው የዝቅተኛው ዋጋ ይሆናል፤ ገዢው መልሶ እንዲለያቸው የሚከፍለው ሻጩ ነውና። ስለዚህ የመንደፊያው፣ የካርዱና የመፍተያው መሥመር እስከ መጭመቂያው ድረስ ተለያይተው እንዲሄዱ በዕቅዱ ላይ ማስፈር ይገባል። ፋብሪካው ከተተከለ በኋላ ቧንቧ መለየት አስቸጋሪ ነው።

መኪናውን ከውጭ አገር ለሚያዝ ነጋዴ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋ ነው። የማራገቢያ ፋብሪካዎች በዝርዝራቸው የሚጽፉት ኃይል በባሕር ወለል ላይ ባለ አየር የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየርዋም ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የቀለለ ነው። በባሕር ዳር አምስተኛ ያህል፣ በድሬዳዋ ደግሞ ከመቶው 13 ያህል ይቀልላል። ማራገቢያው በቀለለ አየር ውስጥ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የመምጠጥ ኃይሉ በዚያው መጠን ያንሳል። በአውሮፓ ቆላ አገር በሚገባ የሚመጥ መኪና በደጋችን የመጨረሻው እንዝርት ላይ ሲደርስ አቅም የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሕተቱም ያለ አግባብ በሠራተኛው ወይም በመኪናው ሠሪ ላይ ይላከካል። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም እንደ ተለመደው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ከዚያ በላይ በሳሳው አየር በሚገባ አይቀዘቅዙም፤ ከፍ ያለ ኃይል ያለው ሞተር መምረጥ ያሻል። ያገለገለ መኪና ከአሜሪካ የሚያስመጣ ደግሞ ሌላም ይጨመርበታል፤ በዚያ አገር ኤሌክትሪኩ 60 ሄርትዝ ሲሆን በእኛ 50 ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ሳይለወጥ ቢተከል ፍጥነቱ በስድስተኛ ይቀንሳል፤ የመምጠጥ ኃይሉም ከመቶው 30 እጅ ያህል ይጐድላል።

ስለዚህ ፕሮፎርማ በሚጠየቅበት ጊዜ የፋብሪካው ስፍራ ከፍታ በሜትር፣ የክፍሉ ሙቀትና ርጥበት፣ የሚሠራበት ጥጥ የጉድፍ መጠን፣ የኤሌክትሪኩ ቮልትና ሄርትዝ ለሻጩ ይጻፍለት። የማጣሪያው ጨርቅና የወንፊቱ መለዋወጫ ዋጋም ለብቻው ተዘርዝሮ ይምጣ፤ መኪናውን በርካሽ ሸጦ በጨርቁ የሚያካክስ ሻጭ አለና። የመምጠጡም ኃይል የሚለካው በሻጩ አገር ሳይሆን መኪናው እዚህ ከተተከለ በኋላ፣ ከማራገቢያው እጅግ በራቀው እንዝርት ላይ መሆኑ በውሉ ላይ ይስፈር፤ የዋጋው የመጨረሻ ክፍያም ይህ ልኬት እስኪረጋገጥ ድረስ ይቆይ።